የደረት ቀበቶ የልብ ምት መለኪያ በድሬ ሙቀት፦ ምቱ ልክ፣ ካሎሪው የተጋነነ

በቀጥታ ልንገራችሁ። የልብ ምት መለኪያ የምትገዙት "ዛሬ ስንት ካሎሪ አቃጠልኩ?" ለሚለው ጥያቄ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። የልባችሁን ምት ለማወቅ ከሆነ ግን ግዙት፣ አይቆጫችሁም።

ክረምቱ ሲወጣ ጀምሬ በደረት የሚታሰረውን ቀበቶ እየተጠቀምኩ ነው፣ ይኸው ሰኔ ደረሰ። ከዚያ በፊት የእጅ ስማርት ሰዓት ብቻ ነበረኝ። አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጌ ነው የምሮጠው፣ አንዱን በሌላው ለማመሳከር። ስማቸውን አልጠራም፤ የማወራው ችግር የአንድ ኩባንያ ሳይሆን የሁሉም ነው።

የምሮጠው ድሬ ላይ ነው። ጠዋት ከዚራ፣ ጥላ ባለው መንገድ። አንዳንዴ ሲመሻሽ ወደ ሳቢያን በኩል። ቦታውን የማነሳው በምክንያት ነው፤ ስለነዚህ ዕቃዎች ያነበብኩት ሁሉ ብርድ አገር ባሉ ሰዎች የተጻፈ ነው፣ የኛ ሙቀት ቁጥሩን ምን እንደሚያደርገው የነገረኝ ሰው የለም።

ከዕቃው ልጀምር። ቀበቶው ከጡት ሥር የሚታሰር ላስቲክ ነው፣ ከውስጥ በኩል ቆዳ የሚነኩ ሁለት ለስላሳ ንጣፎች አሉት። ልብ በመታ ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ንጣፎቹ እሱን ይይዛሉ፣ መሀል ላይ ያለችው ትንሽ መሣሪያ ደግሞ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ትልከዋለች። ሐኪም ቤት ደረታችሁ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢሲጂ ሲያነሷችሁ ከሚሠራበት ጋር መሠረቱ አንድ ነው። ፖላር የሚባለው የፊንላንድ ኩባንያ ገመድ አልባውን የልብ ምት መለኪያ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1982 ነው። ከ40 ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው ማለት ነው።

ድሬ ላይ አንድ ነገር ያስቸግራል። ጠዋት አየሩ ደረቅ ነው፣ ላብ ገና አልመጣም። ቀበቶውን ደረቁን ካሰራችሁት ገና ከግቢ ሳትወጡ 190 ምናምን ይላችኋል፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከማሰራችሁ በፊት ንጣፎቹን በውሃ አርሷቸው። ላብ ሲጀምር ችግሩ በራሱ ይጠፋል፣ እዚህ አገር ደግሞ ላብ ብዙ አያስጠብቅም። የላቡ ጨው ግን ዕቃውን ይጎዳል። ሮጣችሁ ስትመለሱ መሣሪያዋን ከላስቲኩ ነቅላችሁ ላስቲኩን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ አልፎ አልፎም በለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሳትነቅሉ ከተዋችኋት እርጥበቱ መሣሪያዋን ሰው ደረት ላይ ያለች ያስመስላታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ ባትሪዋን ትጨርሳለች። ባትሪዋ ሳንቲም የምታክለዋ ክብ ናት፣ ሰዓት ጠጋኞች ጋ ይገኛል።

የእጅ ሰዓቱ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት አለው። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ ልብ ሲመታ አንጓ ላይ ያለው ደም ይበዛል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰዓቱ ያንን ከፍና ዝቅ ይቆጥራል። ቁጭ ባላችሁበት ከቀበቶው ጋር ብዙም አይለያዩም። ችግሩ እጅ ሲወዛወዝ ነው። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ቀስ ብዬ እየሮጥኩ ሰዓቱ 171 ይላል፣ ቀበቶው ስልኬ ላይ 138። ትንፋሼ አልተቆራረጠም፣ እያወራሁ መሮጥ እችላለሁ። ርምጃዬን ስቆጥረው በደቂቃ 170 አካባቢ ሆኖ አገኘሁት። ሰዓቱ ልቤን ትቶ እግሬን እየቆጠረ ነበር። የታወቀ ችግር ነው። ሰዓቱን ከአንጓ አጥንት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ይቀንሰዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ስለዚህ በምት ጉዳይ ቀበቶው አሸንፏል፣ ክርክር የለውም።

አሁን ወደ ካሎሪው። ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ቀበቶው ካሎሪ አይለካም፣ ሰዓቱም አይለካም። ሰው ሲንቀሳቀስ ምን ያህል እንዳቃጠለ በደንብ የሚለካው አፍና አፍንጫው ላይ ጭንብል አድርገው የተጠቀመውን ኦክስጅንና ያስወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲለኩ ነው፤ ሰውነት 1 ሊትር ኦክስጅን ሲጠቀም ወደ 5 ካሎሪ ያቃጥላል ተብሎ ይሰላል። ያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የኛ ዕቃ ግምት ነው የሚሰጠው። ምቱን ይወስዳል፣ እናንተ ያስገባችሁትን ዕድሜ፣ ኪሎና ጾታ ይጨምርበታል፣ ከዚያ በቀመር ያሰላዋል።

ኩባንያዎቹ ቀመራቸውን አያሳዩም። በይፋ ከታተሙት አንዱ ግን ኪይቴልና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2005 ያወጡት ነው፣ በሱ የራሴን ላስላላችሁ። ዕድሜዬ 38፣ ኪሎዬ 72 ነው። ምቴ 140 ሲሆን ቀመሩ በደቂቃ 13.2 ካሎሪ ይሰጠኛል። 155 ሲሆን 15.5 ገደማ። 40 ደቂቃ ብሮጥ በመጀመሪያው 528፣ በሁለተኛው 618 ያህል ይመጣል። በ15 ምት ልዩነት ብቻ 90 ካሎሪ።

ምቴ የጨመረው ጠንክሬ ስለሮጥኩ ከሆነ እሰየው። ድሬ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ አይደለም።

ሙቀት ሲሆን ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ይልካል። በላብ ውሃ ይወጣል፣ የደሙ መጠን ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል፣ ያንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ጡንቻው የሚሠራው ሥራ ግን አልጨመረም፤ ፍጥነታችሁ ያው ነው፣ የምትጠቀሙት ኦክስጅንም ያን ያህል አይለወጥም። ቀመሩ ይሄን ከየት ያውቃል? ምት ጨመረ፣ ካሎሪ ጨመረ፣ አለቀ።

በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በማለዳ ከዚራ ስሮጥ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል እየሄድኩ፣ ምቴ 140 አካባቢ ይረጋል። ግንቦት ሲመጣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ገና ስጀምር ከፍ ይላል፤ ግማሽ ላይ 150ን ያልፋል፣ መጨረሻው ላይ 160ን ይነካል። ፍጥነት አልጨመርኩም፣ እንደውም ወደ መጨረሻው እዳከማለሁ። የሚሰጠኝ ካሎሪ ግን ከታኅሣሡ ይበልጣል።

ሐረር ስወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች እዚያ ናቸው፣ ስንሄድ ቀበቶውን ይዤ ነው የምሄደው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ከፍታው ብቻ ቢሆን ኖሮ አየሩ ስለሚሳሳ ምቴ ሐረር ላይ ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት። ግን ደንገጎን ወጥታችሁ ሐሮማያ ስትደርሱ የሚቀበላችሁን ነፋስ ታውቁታላችሁ። በዚያው በግንቦት፣ ሐረር ላይ ሜዳ መንገድ መርጬ በዚያው ፍጥነት ስሮጥ ምቴ ከድሬው ዝቅ ብሎ ይቆያል። ካሎሪውም አብሮ ይወርዳል። መለኪያውን ካመንን አንድ ሰው ያንኑ ርቀት በዚያው ፍጥነት ሮጦ ድሬ ላይ በጣም የበለጠ ያቃጥላል ማለት ነው። አያቃጥልም። የበለጠ የደከመው ልቡ ነው።

ሌላው ጫት ነው። ስለ ስፖርት ሲወራ ሰው አያነሳውም፣ እዚህ አገር ግን ካልተነሳ ወሬው ጎዶሎ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። የባለቤቴ ወንድም አንድ ከሰዓት በርጫ ላይ እጁን ዘረጋልኝ። "አቦ እየው፣ ቁጭ ብዬ እያቃጠልኩ ነው!" ሰዓቱ 108 ይላል። ሰውየው ትራስ ተደግፎ ኮካ እየጠጣ ነው። "አቦ ይሄ ስፖርት አይደለም፣ ልብህ ነው እየተቸገረ ያለው" አልኩት። ቡናም፣ ጭንቀትም፣ እንቅልፍ ማጣትም በየልካቸው ምትን ይነካሉ። ቅሞ ወዲያው ለሩጫ መውጣት ደግሞ ከካሎሪ ሂሳብ ያለፈ ነገር ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው እባካችሁ አያድርገው።

ጂም ለምትሠሩም እንዲሁ። ክብደት ስትገፉ፣ በተለይ ትንፋሽ ይዛችሁ ከሆነ፣ ምት ይዘላል፣ የኦክስጅን አጠቃቀም ግን በዚያ ልክ አይወጣም። ያ የ2005ቱ ቀመር የተሠራው በሩጫ ማሽንና በቋሚ ብስክሌት ላይ በተለኩ ሰዎች ነው፣ ብረት በሚያነሳ ሰው ላይ አይደለም።

ይሄ የኔ ብቻ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 የእጅ መለኪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትሸዋል። በልብ ምት በኩል 6ቱ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ነበር። በካሎሪ ግን ከሁሉም የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93 በመቶ። ስህተቱ ወንዶች ላይ፣ ሰውነታቸው ወፈር ባለና ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሰዎች ላይ ከፍ እንደሚልም ጽፈዋል። የኛ ሰው ይህችን ልብ ይበላት፤ ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል፣ ቀበቶው ግን በብርሃን ስለማይሠራ የቆዳ ቀለም አያሳስበውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ወጥተዋል። ካሎሪን ከምት ተነስቶ መገመቱ ግን ያው አለ።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁ፣ ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የኔ ቀበቶ በአንድ ጊዜ ወደ ስልክም ወደ ሰዓትም ይልካል። አንድ ቀበቶ፣ አንድ ልብ፣ አንድ ሩጫ። ስልኩ ላይ ያለው አፕ 520 ሲለኝ ሰዓቱ 610 አለ። ሁለቱም ላይ ያስገባሁት ኪሎና ዕድሜ አንድ ነው። ቀመራቸው ይለያያል፤ ደግሞ አንዳንዱ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም የምታቃጥሉትን ይደምርበታል፣ አንዳንዱ አይደምርም። ሰው በዕረፍት ላይ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፣ ስለዚህ እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 50 ካሎሪ "ሠርቻለሁ" ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በቁጥር ለመራቀቅ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ አለ፣ ጎበዝ፣ ማልዶ የሚነሳ። ሮጦ ሲጨርስ ሰዓቱን ያያል፣ "600 አቃጥያለሁ" ይላል፣ እንቁላልና ማር ያለበት ፈጢራ ያዛል። ለወራት ኪሎው ንቅንቅ አላለም። "ሰውነቴ ላይ የሆነ ችግር አለ" ማለት ጀመረ፣ ሩጫውንም ሊተው ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰውነቱ ላይ ምንም ችግር የለም፣ ችግሩ ያ ቁጥር ነው።

እኔ አሁን የምጠቀመው ሂሳብ አንድ መስመር ነው፦ ሜዳ ላይ ስትሮጡ ለአንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ። 72 ኪሎ፣ 6 ኪሎ ሜትር፣ 432። እሱም ግምት ነው፣ ግን ሙቀትም ጫትም አያጋንነውም። ከ618 ጋር አስተያዩት እስቲ፣ ልዩነቱ የፈጢራው ሩብ ይሁን ግማሽ እናንተ አስሉት። ለእግር ጉዞ ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል። ኪሎ መቀነስ ለሚፈልግ ደግሞ ሚዛኑ ላይ የሳምንታት አካሄዱን ማየት ከማንኛውም አፕ ይሻላል።

ታዲያ ቀበቶውን ለምን አልጣልኩትም? ምክንያቱም ካሎሪውን ያበላሸው ያ ባሕርይ ነው ዕቃውን የሚያስወድደኝ። ልቤ ምን ያህል እየደከመ እንደሆነ፣ ሙቀቱንና የውሃ ጥማቱን ሁሉ ጨምሮ፣ ይነግረኛል። በሙቀቱ ወራት በፍጥነት አልሮጥም፣ በምት ነው የምሮጠው፦ 150 ሲያልፍ በእግሬ እራመዳለሁ፣ ሲወርድ እቀጥላለሁ። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ምቴ ከወትሮው ከፍ ካለ ወይ አልተኛሁም ወይ ውሃ አልጠጣሁም ወይ ሊያመኝ ነው፣ ያን ቀን አርፋለሁ። አፑ ላይ "ከፍተኛ ምት" የሚለውን ግን በጭፍን አትቀበሉት። ብዙዎቹ 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለውን ነው የሚያስገቡት፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው 10 ምትና ከዚያም በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። የልብ ሕመም ወይ የግፊት መድኃኒት ያለበት ሰው ደግሞ ልኩን ከሐኪሙ ይጠይቅ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ራሱ ምትን ዝቅ አድርጎ ይይዛል።

ስክሪኑ ላይ ካሎሪውን አንስቼ በቦታው ርቀት አድርጌያለሁ። መሣሪያዋ እስካሁን እንደ አዲስ ናት። ላስቲኩ ግን ላልቷል፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሻለሁ፣ ስትገዙ ላስቲኩ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ጠይቁ፣ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለም ሁለት ያድርግላችሁ።