የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ላይ የገጠምኩት የድምፅ ዲኮደር፦ ከወራት በኋላ

ውሳኔዬን ከፊት ላስቀምጠው። ዲኮደሩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያዝና ድምፁን የሚያጫውት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ከባቡሬ አይወጣም፤ አብሮት የመጣው ስፒከር ግን ከወጣ ቆይቷል። ገንዘቡን የሚበላው ዲኮደሩ ነው፤ ጆሮ የሚፈርደው ግን በስፒከሩና በማስተካከያው ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ባቡሬ የኤችኦ ልኬት፣ ማለትም 1:87፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ስትሆን የከሰልና የውሃ ጋሪዋን፣ ቴንደሩን፣ ከኋላዋ ትጎትታለች። ቴንደሩ ውስጥ ባለ 21 ፒን ሶኬት ስላለ ዲኮደሩን መሰካት ምንም አያደክምም። በዲሲሲ፣ ማለትም በሐዲዱ በኩል በሚላክ ዲጂታል ትእዛዝ፣ የሚሠራ፣ ከእውነተኛ ባቡር የተቀዳ ድምፅ በ16 ቢት የሚያጫውት ዓይነት ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያም ክስም እንዲሆን አልፈልግም።

መጀመሪያ ሰሞን ያልተነካ ቁልፍ የለም። ፉጨቱ፣ ደወሉ፣ ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባው ኢንጀክተር፣ የአካፋው ፍጭት፣ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ፣ ሁሉም በየተራ ይሞከራል። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የምነካው ፉጨቱን፣ ፍሬኑንና ከመነሳት በፊት በሲሊንደሩ የተጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣውን ብቻ ነው። የአየር ፓምፑ ባቡሯ ቆማ ሳለች በራሱ ጊዜ ተነስቶ ትንሽ ይመታና ዝም ይላል፤ እሱን አልነካውም፣ ግን ባይኖር ይጎድለኛል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የድምፅ ብዛት አይታችሁ አትግዙ።

ዋናው ነገር ትንፋሹ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ባቡር እንፋሎቱ ፒስተኑን ከፊትም ከኋላም ስለሚገፋው እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ የመንኮራኩር ዙር ሁለቴ ይተነፍሳል። የግራና የቀኝ ክራንኮች በ90 ዲግሪ ስለሚለያዩ አራቱ ትንፋሾች እኩል ተራርቀው ይወጣሉ። ይህን ጭራሽ የማያውቅ ሰው እንኳ ትንፋሹ ከዘንጎቹ እንቅስቃሴ ጋር ካልገጠመ የሆነ ነገር ይከነክነዋል፤ ድምፁ ከተዋናዩ ከንፈር ቀድሞ እንደሚሄድ ፊልም ነው።

ከሳጥኑ ሲወጣ አልገጠመም ነበር። ዲኮደሩ መንኮራኩሩ የት እንደደረሰ አያይም። ሞተሩ የሚመልሰውን ቮልቴጅ እየለካ ፍጥነቱን ይገምታል፣ ትንፋሹንም በዚያ ግምት ይረጨዋል። የማርሹ ምጥጥን ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ቁጥሩን ማስተካከል የባለቤቱ ድርሻ ነው። በትልቁ መንኮራኩር ጠርዝ ላይ አንዲት ነጭ የቀለም ነጥብ አደረግኩ፣ ባቡሯን በዝቅተኛው ፍጥነት ለቀቅኳት፣ ነጥቧ ዞራ እስክትመለስ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ቆጠርኩ። ከአራት ሲበልጥ ክፍተቱን ማስፋት፣ ሲያንስ ማጥበብ። ከዚያ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ እንደገና መቁጠር። አሰልቺ ምሽት ነው፤ ነገር ግን ከሠራሁት ሁሉ የዚህን ያህል የካሰኝ የለም።

ፍጹም ልክ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው አክሰሉ ላይ ትንንሽ ማግኔቶች ለጥፎ ማግኔት ሲያልፍ ከሚያውቅ ሆል ሴንሰር ጋር ማገናኘት ይችላል። እኔ አላስፈለገኝም፤ ስህተቱ የሚሰማው በዝግታ ስትሄድ ብቻ ነውና። የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 1.75 ሜትር የሆነ እውነተኛ ባቡር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ ሁለቴ ያህል ይተነፍሳል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ግን 20 ጊዜ ያህል። ያንን ማንም ጆሮ አይቆጥረውም፣ ወጥ ጉርምርምታ ይሆናል። ባለ ሦስት ሲሊንደር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የገባው የእንግሊዙ ማላርድ ሦስት ሲሊንደር ስላለው በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል ቅጂው ራሱ ከባለ ሦስት ሲሊንደር ባቡር የተወሰደ መሆን አለበት፤ ምቱ የተለየ ስለሆነ ቁጥር በመቀያየር አይመጣም።

ሁለተኛው ነገር ጭነት ነው፤ ይህኛው ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። እውነተኛ ነጂ ሲነሳ እንፋሎቱን ለአብዛኛው የፒስተን ጉዞ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ኃይለኛ ነው። ፍጥነት ሲይዝ ቀድሞ ይቆርጠዋል፣ እንፋሎቱ ሲሊንደሩ ውስጥ እየሰፋ ይሠራል፣ ትንፋሹም ይለዝባል። ቁልቁል ላይ ጭራሽ ይዘጋዋል፤ ያኔ የሚሰማው የዘንጎቹ ቅጭልጭልታ ብቻ ነው። ዲኮደሩ ይህን የሚያስመስለው በታዘዘው ፍጥነትና ሞተሩ በሚታገለው መካከል ያለውን ልዩነት እያየ ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሲቪ የሚባሉት የዲኮደሩ ማስተካከያ ቁጥሮች ናቸው፤ ሲቪ 3ና ሲቪ 4፣ ማለትም የመፍጠኛና የመዝገሚያ ቁጥሮቹ፣ ዝቅ ብለው ከተተዉ ባቡሯ ዘላ ተነስታ ዘላ ስለምትቆም ድምፁ ለመለወጥ ፋታ አያገኝም። ሁለቱንም ከፍ ሳደርጋቸው አነዳዴ ተለወጠ። መቆጣጠሪያውን ስዘጋ ትንፋሹ ይቆማል፣ ባቡሯ ግን በዘንጎቿ ድምፅ ብቻ እየተንሸራተተች ትሄዳለች፤ ጣቢያው ላይ ለማቆም ከሩቅ አስቤ ፍሬኑን መያዝ አለብኝ። አንዳንዴ አልፋው ትሄዳለች። ባቡር መንዳት እንደሆነ የተሰማኝ ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ማብሪያና ማጥፊያ ነበር።

ወደ ስፒከሩ ልምጣ። አብሮ የመጣው ክብ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ነበር። ስፒከር ወደፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሞገድ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፣ በተለይ ወፍራሙ ድምፅ። ስለዚህ የሚሰማው ቀጭን ሽርሽርታ ነበር። በምትኩ 11 በ15 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ባለ ሳጥን ስፒከር ገጠምኩ፤ ሳጥኑን ዙሪያውን በማጣበቂያ ደፈንኩት፣ ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር። ያው ዲኮደር፣ ያው ቅጂ፣ ግን የተለየ ባቡር። ከመግዛታችሁ በፊት ዲኮደሩ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሆነ ስፒከር እንደሚችል መመሪያው ላይ እዩ። እርግጥ የዚህን መጠን ስፒከር መሬት የሚያንቀጠቅጥ ጉርምርምታ አትጠብቁበት፤ ያን የሚያህል አየር የሚገፋበት ገላ የለውም።

ስፒከሩ ያለው ቴንደሩ ውስጥ፣ አፉ ወደ ሐዲዱ ነው። ትንፋሹ መውጣት ያለበት ከፊት ከጭስ ማውጫው ሆኖ ሳለ ከኋላ መምጣቱ ፊቴን አስጠግቼ ሳይ ይታወቀኛል፤ ቆሜ ስነዳ አይታወቀኝም። ቦይለሩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ ግን እዚያ ያለውን ክብደት መቁረጥ ስለሚጠይቅ የመጎተት አቅሟን አልሰጥም አልኩ። ከቴንደሩ ግን ክብደት ማውጣቴ አልቀረም፤ እሱም የራሱን ዋጋ አስከፈለኝ። ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚለቅሙት የቴንደሩ ጎማዎች ስለሆኑ፣ ሲቀልሉ በቆሻሻ ላይ ንክኪ ይስታሉ። ድምፅ የሌላት ባቡር ለቅጽበት መብራት ብታጣ በተንሸራተተችበት ታልፈዋለች፣ ማንም አያስተውልም። ባለ ድምፅዋ ግን ጸጥ ትልና እንደ አዲስ ትነሳለች። ለአፍታ የሚበቃ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሱፐር ካፓሲተር ስጨምር ተገላገልኩ። አንድ መዘዝ አለው፦ ካፓሲተሩ እየሞላ ሳለ በፕሮግራም ማድረጊያው ሐዲድ ላይ ሲቪ ማንበብ ያስቸግራል፤ የሚያላቅቅ ትንሽ ማብሪያ ቢኖረው ይመረጣል። ሐዲዱንና ጎማዎቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግም አልቀረልኝም።

ቅሬታዎቼ ብዙ አይደሉም። ረጅም ፉጨት ስይዝ ቅጂው የሚቀጠልበት ቦታ ይሰማል፤ አንዴ ከሰማችሁት በኋላ ሁልጊዜ ትሰሙታላችሁ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ከስፒከሩ ቀጭን ሽሽታ ይመጣል። መመሪያው ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ሌላ የድምፅ ፋይል ለመጫን የአምራቹን መሣሪያ ለብቻው መግዛት ግድ ይላል፤ ይሄ አናደደኝ። ሙቀትን በተመለከተ ችግር አላየሁም፣ ግን ዲኮደሩን በፕላስቲክ ሽፋን አልጠቀለልኩትም፤ አየር ይፈልጋል።

ድምፁን ከፋብሪካው ከመጣበት ከግማሽ በታች አውርጄዋለሁ። ትንሽ ስፒከር ሲጮህ ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያም በላይ ሁለት ባቡሮች አንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ ድምፅ ከሰጡ ከቤተሰብ ጋር ያጣላል። ከሩቅ የምታዩት ባቡር ከሩቅ እንደሚሰማ መሰማት አለበት።

በተራ ዲሲ፣ ማለትም ፍጥነቱ በሐዲዱ ቮልቴጅ ብቻ በሚታዘዝበት ዘዴ፣ የምትነዱ ሰዎች ሳትቸኩሉ አስቡበት። ዲኮደሩ በዲሲም ይሠራል፣ ግን ለመንቃት የተወሰነ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ መቆጣጠሪያው ግማሽ መንገድ እስኪዞር ባቡሯ አትነቃነቅም፤ ስታቆሟት ድምፁም አብሮ ይጠፋል፣ ፉጨቱን በፈለጋችሁ ሰዓት የምትጠሩበት ቁልፍም የለም። ዲሲሲ ላላችሁ ግን ተራ ዲኮደር ያለበትን ባቡር ወደ ባለ ድምፅ መለወጥ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ እኔም ቀጥሎ የምከፍታት የእቃ ማመላለሻዋን ነው፣ ስፒከሯንም ከዲኮደሩ በፊት ገዝቻለሁ።