ሲ ዜድ 457 ቫርሚንት፦ አልሞ መተኮስን ገና ለሚጀምር ሰው

በምኖርበት በቨርጂኒያ አልሞ መተኮስን በቁም ነገር ለመማር የሚያስቡ ወዳጆች ዘወትር የሚጠይቁኝ የትኛውን ትልቅ ጠመንጃ ቢገዙ እንደሚሻል ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ብረት ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ያየ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የእኔ መልስ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከተኮስኩበት ልምድ የመጣ ነው፤ ጀማሪ በ22 ሎንግ ራይፍል፣ ማለትም በዚህ ስም የሚጠራውን ትንሽ ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ፣ መጀመር አለበት፣ ከዚህ ዓይነት ጠመንጃዎች መካከልም በቼክ ሪፐብሊክ ኡኸርስኪ ብሮድ ከተማ የሚሠራው ሲ ዜድ 457 ቫርሚንት ዋጋውን የሚያስከነዳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። የመጀመሪያውን ተኩስ የተኮስኩት 308 የተባለውን ትልቅ ጥይት በሚተኩስ የአንድ ጓደኛዬ ጠመንጃ ሲሆን፣ ከአምስተኛው ጥይት በኋላ ዓይኔ ከምላጩ ቀድሞ ይጨፈን ነበር። ትከሻ የሚመታ ጠመንጃ ስህተትን ይሸፍናል፤ ተኳሹ የሳተው በነፋሱ፣ በጠመንጃው ላይ በታሰረው ማለሚያ መነጽር ወይስ በራሱ ድንጋጤ እንደሆነ መለየት አይችልም። 22 ግን ትከሻን አይጎዳም፣ ጥይቱም ከትላልቆቹ ጥይቶች አንጻር በብዙ እጥፍ ስለሚረክስ በአንድ ጠዋት መቶ ጥይት እየተኮሱ የእያንዳንዱን ምት ምክንያት ረጋ ብሎ መመርመር ይቻላል።

ሲ ዜድ 457 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን የተካውም 455 የተባለውን ሞዴል ነው። በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበል ነው፤ ማቀባበያውም በ455 ላይ 90 ዲግሪ መዞር የነበረበት ሲሆን በዚህኛው 60 ዲግሪ ብቻ ስለሚዞር መነጽሩ ዝቅ ብሎ ቢታሰርም እጅ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። የቫርሚንቱ አፈሙዝ ወፍራምና ከባድ በመሆኑ ጠመንጃው ያለ መነጽር እንኳ 3 ኪሎ ግራም አለፍ ይላል፤ ይህ ክብደት ይዞ ለሚዞር አዳኝ ሸክም ቢሆንም ተኝቶ ወይም በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ለሚተኩስ ሰው እርጋታን የሚሰጥ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ምላጩን ነው። የሚጠይቀውን የመሳብ ኃይል፣ ከመልቀቁ በፊት የሚጓዘውን ርቀትና ከለቀቀ በኋላ የሚቀረውን ትርፍ ጉዞ በብሎን ማስተካከል ይቻላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ እኔ ሳላይ ካዝናው ውስጥ ሙሉ ጥይትና የተተኮሰ ባዶ ቀለህ እያፈራረቀ አጎረሰልኝ። ባዶው ቀለህ ሲደርስ ጠመንጃው ድምፅ ሳያሰማ ቀረ፣ በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀለኛ መስመር ግን በግልጽ ወደ ታች ዘቅዘቅ ሲል አየሁት፤ ያ እንቅስቃሴ የጠመንጃው ሳይሆን የእጄ ነበር። ምላጩ ጥርት ያለ ባይሆን ኖሮ ይህን ጉድለት ምላጩ ላይ ባላከክሁት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ማታ፣ ጥይት በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ለግድግዳ ብሎን የሚሆነውን ትንሿን የፕላስቲክ ማቀፊያ በጥይት ቦታ አስገብቼ ሃያ ጊዜ ምላጭ እስባለሁ፤ ይህ ልምምድ ምንም ወጪ የለውም፣ ለውጡ ግን በወረቀቱ ላይ ይታያል።

ገዢው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። የደኅንነት መቆለፊያው ወደ ፊት ሲገፋ ጠመንጃው ለመተኮስ ዝግጁ ይሆናል፤ በ455 ላይ ግን ተቃራኒው ስለነበር የቀድሞውን የለመደ ሰው እጁን እንደገና ማስለመድ አለበት። ካዝናው አምስት ጥይት ብቻ ይይዛል። መነጽር የሚታሰርበት 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥርብ ሐዲድ ስለሆነ በዚያ ልክ የተሠራ ማሰሪያ መግዛት ያስፈልጋል። የእንጨት ሰደፉ ከፍና ዝቅ የሚል የጉንጭ ማሳረፊያ የለውም፤ እኔ በስፖንጅና በጨርቅ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ፣ ጉንጬም በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ያርፋል።

በመነጽሩ ላይ ግን ገንዘብ መቆጠብ አይገባም። እኔ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሱቅ “ለ22 ይበቃል” ብሎ በሸጠልኝ ርካሽ መነጽር ሁለት ወር አጥፍቻለሁ። ማስተካከያውን ወደ ላይ አሥር ጊዜ አዙሬ ወደ ታች አሥር ጊዜ ስመልሰው ምቱ ወደ ነበረበት አይመለስም ነበር፤ እኔም ጥፋቱን በጠመንጃውና በራሴ ላይ ስፈልግ ቆየሁ። ማስተካከያው የሚታመን፣ ትኩረቱም ለ50 ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ርቀት የሚስተካከል መነጽር የጠመንጃውን ያህል ዋጋ ቢያወጣ እንኳ አያስቆጭም።

አሁን ወደ ጥይቱ ልምጣ፤ የዚህ ጠመንጃ እውነተኛ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ለውድድር የሚሠሩት የ22 ጥይቶች አረር 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 327 ሜትር ገደማ ሆኖ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ፈጣን የተባሉት ጥይቶች በመንገድ ላይ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ወደ በታች ሲወርዱ ስለሚናወጡ ለዒላማ ተኩስ ዝግተኛው ይመረጣል። ይህ ዝግታ 100 ሜትርን ትልቅ ርቀት ያደርገዋል፤ በ50 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል፣ ይህም በመነጽር ማስተካከያ መለኪያ 2 ሚል (አንድ ሚል በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ነው) ስለሆነ በአንድ አሥረኛ ሚል ለሚቆጥር መነጽር 20 ቁጥር መጨመር ማለት ነው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ደግሞ በዚያው ርቀት አረሩን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል። በትልቁ ጠመንጃ በብዙ መቶ ሜትር ላይ የሚጠናውን ሒሳብ ጀማሪው በአቅራቢያው ባለ 100 ሜትር የተኩስ ሜዳ ላይ ተኝቶ ይማረዋል።

እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚስማማው ጥይት የተለየ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ገዝቶ በእያንዳንዱ በ50 ሜትር ላይ አምስት አምስት ጥይት ደጋግሞ መተኮስና ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ዓይነት ሲቀየር የአፈሙዙ ውስጥ በአዲሱ ጥይት ቅባት እስኪለመድ ድረስ የመጀመሪያዎቹን አሥር ምቶች አለመቁጠር ይሻላል። ለእኔ ጠመንጃ የጀርመኑ ኤስ ካ ስታንዳርድ ፕላስ ተስማምቶታል። የሚስማማው ሲገኝ በሣጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ተመልክቶ ከዚያው ቁጥር በብዛት መግዛት ይገባል፤ ስሙ አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ ምቱ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁና።

ትንሽ ነው ብሎ መዘናጋት ፈጽሞ አይገባም። ይህ አረር 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ስለሚችል ከዒላማው ጀርባ የአፈር ግንብ በሌለበት ቦታ አይተኮስም። አሜሪካ ውስጥ ከፈቃድ ካለው ሻጭ የሚገዛ ሰው 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ሞልቶ የኋላ ታሪኩ ይጣራል፤ የግዛት ሕግ ስለሚለያይ እርሱንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤት ልጆች ካሉ የሚቆለፍ ሣጥን ከጠመንጃው ቀድሞ ይገዛ።

የ457ን አፈሙዝ ሁለት ብሎኖች አላልቶ በሌላ መለወጥ ስለሚቻል አንዳንዶች ገና በወሩ ሁለተኛ አፈሙዝ ለመግዛት ይጣደፋሉ። እኔ ያንን ገንዘብ ለአንድ ካርቶን ጥይትና ለሁለተኛ ካዝና አውዬዋለሁ፤ በመጪው ክረምትም እንዲሁ አደርጋለሁ።