ጃይፑር ጃንታር ማንታርን ልታዩ ለምትሄዱ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በህንድ ጃይፑር፣ በጃንታር ማንታር በር ላይ የመንግሥት ፈቃዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ለሚሠሩት አስጎብኚ ከልብ እናመሰግናለን። ያለ ፈቃዳቸው ስማቸውን አደባባይ ማውጣት ስላልፈለግን ሥራቸውን እንናገራለን፤ እናንተም በዚሁ ሚዛን ሌላውን አስጎብኚ መምረጥ ትችላላችሁ።

ቦታው ንጉሥ ሳዋይ ጃይ ሲንግ 2ኛ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት የሰማይ መመልከቻ ነው። በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ያለ አስረጂ ለገባ ሰው ግን መውጫው የማይታወቅ ደረጃና ግንብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኚህ አስጎብኚ መጀመሪያ የሚያደርጉት ስልክ ኪስ ውስጥ አስገብቶ ሰዓቱን ከጥላ ማስነበብ ነው።

27 ሜትር ከፍታ ያለው ሳምራት ያንትራ የፀሐይ ሰዓት ነው። የግንቡ ተዳፋት ጠርዝ ከከተማው ኬክሮስ ጋር እኩል፣ 27 ዲግሪ ግድም ስለሚያዘነብል በቀጥታ ወደ ሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ ያመለክታል። ጥላው ጠዋት በምዕራቡ ቅስት፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቁ ላይ ያርፋል፤ በደቂቃ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲጓዝ በዓይን ይታያል። ችግሩ የጥላው ጠርዝ መደብዘዙ ነው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ያላት ክብ በመሆኗ የደበዘዘው ክፍል ከ10 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ይህም የሁለት ደቂቃ ያህል ስህተት ያመጣል። አስጎብኚው እንደ ስንደዶ የቀጠነ እንጨት ከእብነ በረዱ ጥቂት ከፍ አድርገው፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ይይዙና የእንጨቱ ጥላ በትልቁ ጥላ ውስጥ የሚጠፋበትን መስመር ያስነብባሉ። ይህን የማያሳይ አስጎብኚ የመሣሪያውን ዋና ነገር አላሳየም።

ከዚያ ንባቡ ከእጅ ሰዓት ጋር አይገጥምም፤ ብዙ ጎብኚ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። የህንድ ሰዓት የሚቆጠረው በ82.5 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን ጃይፑር ከዚያ በስተ ምዕራብ ስለምትገኝ 27 ደቂቃ ግድም መደመር ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ትቀድማለች ወይም ትዘገያለች። ስለዚህ በፌብሩዋሪ አጋማሽ የሚደመረው 41 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን በኖቬምበር መጀመሪያ ግን 11 ብቻ ነው። ጥላው ከአንዱ ቅስት ወደ ሌላው ሲሻገር ማየት የፈለገ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 6፡11 እስከ 6፡41 ባለው ጊዜ ቦታው ላይ ይገኝ።

ጃይ ፕራካሽ የተባለው መሣሪያ ግን ከሁሉም ይበልጣል እንላለን። ሰማይን ገልብጠው መሬት ውስጥ የቀበሩት ይመስላል፦ ሁለት ጎድጓዳ የእብነ በረድ ሳህኖች፣ በላያቸው በተወጠረ ሽቦ መሐል ትንሽ ቀለበት። የቀለበቱ ጥላ ያረፈበት ነጥብ ፀሐይ ሰማይ ላይ ያለችበትን ቦታ ይናገራል። ሳህኖቹ ተመልካች ገብቶ እንዲያነብ በየመሐላቸው ተቆርጠዋል፤ የአንዱ ክፍተት የሌላው እብነ በረድ ስለሆነ ጥላው ከአንዱ ሲጠፋ ወደ ሁለተኛው መሄድ ነው።

ራሺቫላያ 12 መሣሪያዎች አሉት፤ ከሐመል እስከ ሑት ለእያንዳንዱ የዞዲያክ ኮከብ አንድ። ናሪቫላያ የተባለው ሌላ የፀሐይ ሰዓት ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ ሰሜናዊው በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 12 አካባቢ እስከ መስከረም 12 አካባቢ ይሠራል፣ በቀሪው ግማሽ ዓመት ደቡባዊው።

ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ፤ ደመና ካለ ጥላ የለም። ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ አያስቆምም። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። እብነ በረዱን አትርገጡ፤ የተቀረጹት መስመሮች ይፋቃሉ። ክፍያውን ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ፈቃዱንም ጠይቃችሁ እዩ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጧቸው፤ በሃያ ደቂቃ እናስጨርሳችኋለን የሚሏችሁን እለፏቸው።