ሌክሰስ፣ መርሰዲስ ወይስ ቢኤም? ያገለገለ ኤስዩቪ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ቀጥታ ልንገራችሁ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከሆነና ቤት ውስጥ ያለው መኪና አንድ ብቻ ከሆነ ሌክሰስ አርኤክስ 350 ግዙ። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደዚያ እንዳልኩና መቼ ሐሳቤን እንደምቀይር ነው፤ ምክንያቱም መርሰዲስ ኤምኤል መግዛት ያለበት ሰው አለ፣ ቢኤም ኤክስ5 ይዞ ደስ ብሎት የሚኖርም አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ።

የማወዳድራቸው እነዚህን ነው፦ አርኤክስ 350 ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል፣ ኤምኤል 350 ከ2012 እስከ 2015 (ከዚያ ስሟ ጂኤልኢ ሆነ)፣ እና ኤክስ5 ባለ ተርቦዋ 35አይ፣ ከ2011 እስከ 2013። የሞዴል ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያሉት እዚሁ አገር ውስጥ የሚገላበጡት ናቸው። ስለዚህ ደላላው "ገና አሁን የገባች ናት" ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ፕራዶስ? ፕራዶ ዋጋዋም ጨዋታዋም ሌላ ነው። ለሌላ ቀን።

ዳገቱ እና ቁልቁለቱ

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። በመሃል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠመዝማዛ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 270 ምናምን የፈረስ ጉልበት ያላት አርኤክስ ደሴ ስትደርስ 200 ምናምን ናት። ኤምኤሏም ከ302ቷ ሩቡን ያህል ታጣለች። ኤክስ5 ግን ተርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባላት ብዙም አይሰማትም። ከፊታችሁ ሲኖትራክ እያዘገመ፣ መቅደሚያው አጭር ሆኖ፣ ነዳጁን ስትረግጡት ልዩነቱ ወንበሩ ጀርባችሁን ሲገፋችሁ ይታወቃችኋል። አርኤክሷ መጀመሪያ ታስባለች፣ ማርሽ ትቀንሳለች፣ ትጮሃለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። መንዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ እዚህ ያልቅ ነበር፣ ኤክስ5ም ታሸንፍ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ሦስቱም እኩል ይፈተናሉ። አርኤክሷ ሁለት ቶን ገደማ ናት፣ ኤክስ5 ከዚያም ትበልጣለች። ብዙ ሰው አውቶማቲክ ስለሆነ ብቻ ከደሴ እስከ ቦርከና ድረስ ዲ ላይ አድርጎ ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል፣ ታች ሲደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፣ "ምን ሆነች?" ይላል። ምንም አልሆነችም፤ ማርሹን ራሳችሁ ቀንሱ። ይህ ለገዢም ይጠቅማል። በዚህ መንገድ የኖረች መኪና ዲስኳ ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከ80 ላይ ጫን አድርጋችሁ ፍሬን ያዙና መሪው እጃችሁ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ዋጋ ላይ ተደራደሩበት።

ሲበላሽ ማን ይሠራታል?

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ትንሽ ልቆይበት።

የአርኤክሷ ሞተር በሃይላንደርም በቪ6 ካምሪም ላይ የተገጠመው የቶዮታ ባለ 3.5 ሊትር ነው። ቶዮታ ደግሞ እዚህ አገር መካኒክ ሁሉ አፉን የፈታበት ነው። ሆጤ አካባቢ የማውቃቸው አንድ ሀጂ አርኤክሷን ይዘው ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳሉ፣ ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ መልሶም ያንን ሁሉ ዳገት። የውሃ ፖምፓዋ ሲያንጠባጥብ መካኒኩ "ሀጂ፣ አይጨነቁ፣ እቃው ይገኛል" አላቸው፣ ተገኘም፣ እዚሁ ተገጠመ። ይህ ፖምፓ የታወቀ ድካሟ ነው። ስትገዙ ኮፈኑን ክፈቱና ቀበቶው ባለበት ጎን በባትሪ ብርሃን እዩ፣ ደርቆ የተጋገረ ሮዝ ነገር ካለ ውሃዋ እየወጣ ነው።

ሌላው የካንዴላ ጉድ ነው። የአርኤክስ ሞተር በአግድም የተቀመጠ ስለሆነ ስድስቱ ካንዴላዎች ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ በሹፌሩ በኩል ናቸው። የፊቶቹን ማንም ያወጣቸዋል። የኋላዎቹ ጋር ለመድረስ ግን ከላይ ያለው የአየር ማስገቢያ መነሳት አለበት፣ ሰዓት ይወስዳል፣ ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ አንዳንዱ የፊቶቹን ሦስት ቀይሮ "አለቀ" ብሎ የስድስቱን ሒሳብ ይቀበላል! ስድስቱንም አሮጌ ካንዴላ በእጃችሁ ተቀበሉ። አራት ንጹህ፣ ሁለት ጥቁር ቢሆኑም ቁም ነገር አለው፣ መካኒኩን ጠይቁት።

ኤምኤል ላይ ስንመጣ ታሪኩ ይለወጣል። መኪናዋ ግሩም ናት። ከሦስቱ ዝምተኛዋ እሷ ናት፣ አዲስ አበባ ደርሳችሁ ስትወርዱ ወገባችሁን አትይዙም። ችግሩ እግሯ ነው። አንዳንዶቹ ተራ ሞላ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ኤርማቲክ የሚባለው በአየር የሚሠራ እግር አላቸው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ የገዛው ባለ አየሩን ነው። ማታ ቀጥ ብላ ያቆማታል፣ ጠዋት ሲወጣ የፊት ግራዋ ሊጭኗት እንዳንበረከኳት ግመል ዝቅ ብላ ታድራለች። ሞተር ሲያስነሳ ኮምፕረሰሩ እየጮኸ ያነሳታል። እንደዚያ እያለች ሰነበተች። ቀዳዳዋን ለመሙላት ኮምፕረሰሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ እሱም ተቃጠለ፣ አንዱ ወጪ ሁለት ሆነ። ያገለገለ እግር ከአዲስ አበባ አስመጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ያም መንፈስ ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ አዲሱን ከዱባይ አስመጣ። ዋጋውን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ሚስቱ ሳሎን ነበረች።

እኔ የምለው ኤምኤል ከሆነ ባለ ሞላዋን ፈልጉ። ደሴ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ደግሞ አንድ ነፃ ምርመራ አላችሁ፤ ባለቤቱ ሞተሩን ሳያሞቅ ጠብቁና ራሳችሁ አስነሱት። የ2012 አካባቢዎቹ ላይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች የሰንሰለት ኳኳታ ከሰማችሁ የሰንሰለቱ መወጠሪያ ደክሟል ማለት ነው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ "ነገ ጠዋት እመጣለሁ" በሉ።

የናፍጣዋን ኤምኤል፣ ብሉቴክ የምትባለውን፣ እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት። ጉልበቷ ያማልላል፣ ለዳገቱ የተሠራች ነው የምትመስለው። ነገር ግን አድብሉ የሚባል ጭሷን የሚያጣራ ፈሳሽ ትጠጣለች፣ ያ ፈሳሽ ሲያልቅ ወይም የጭስ ሴንሰሯ ሲበላሽ ዳሽቦርዷ ላይ ስንት ጊዜ ብቻ እንደምትነሳ መቁጠር ትጀምራለች። ሲያልቅ አትነሳም። አራት ነጥብ።

ኤክስ5 ላይ አጭር ነኝ። የውሃ ፖምፓዋ የሚሠራው በቀበቶ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው፣ ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳያንጠባጥብና ሳይጮህ ነው የሚሞተው። አንድ የደሴ ነጋዴ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ቀይ መብራት በራበት፣ ደግነቱ ወዲያው አጠፋት፣ ሞተሩ ተረፈ፣ መኪናዋ ግን ተጎትታ ወረደች። ብዙዎቹ ደግሞ ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ ጎማቸው ራን ፍላት ስለሆነ ተንፍሶም ጥቂት ይሄዳል ተብሎ ነው። ጥቂት ማለት ጥቂት ነው፤ ከሚሴና ሸዋሮቢት መሃል ሆናችሁ በዚያ ቁጥር የሚሆን ጎማ ማን ጎሚስታ ያወጣላችኋል? ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ያው ጎማ ድርቅ ስላለ ጥርስ ያንገጫግጫል። ባትሪዋ ከኋላ ሻንጣው ወለል ስር ናት፣ ስትቀየርም በኮምፒውተር መመዝገብ አለባት። ሱቁ ሄዶ ባትሪ ገዝቶ መግጠም ቀረ። ባለ ቪ8ቷ 4.4 ሊትር በርካሽ ከቀረበላችሁ ደግሞ ርካሽ የሆነችበት ምክንያት አላት፣ ዘይት ትበላለች፣ ትግላለች።

ለሁለቱም ጀርመኖች አንድ ሥራ አለባችሁ፤ መኪናዋን ከመግዛታችሁ በፊት መካኒኩን ፈልጉ። ተራው የኮድ ማንበቢያ የሞተሩን ስህተት ያሳያል እንጂ ሁሉንም ክፍል አይከፍትላችሁም፣ ለመርሰዲስ ዜንትሪ፣ ለቢኤም ኢስታ የሚባለውን መመርመሪያ የሚጠቀም ሰው ቅርባችሁ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ከሌለ ለእያንዳንዷ መብራት 400 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ነው። በነገራችን ላይ "ጀርመን" ማለታችን ለወጉ ነው፣ ኤምኤል በዋናነት የተሠራችው አላባማ፣ ኤክስ5 ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ነው።

ነዳጅ

እዚህ ላይ ብዙ አትከራከሩ። በአሜሪካኖቹ የነዳጅ መለኪያ ሦስቱም በሊትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ናቸው፣ ደሴና ኮምቦልቻ መመላለስ ከሆነ ሥራችሁ ከዚያ በታች ጠብቁ። ልዩነቱ ምን ዓይነት ቤንዚን ትችላለች የሚለው ላይ ነው። አርኤክሷ ለተራው ቤንዚን የተሠራች ናት፣ ሁለቱ ግን ከፍ ያለውን ነው የሚፈልጉት፣ ቤንዚኑንም በከፍተኛ ግፊት ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ ስለሆኑ ቆሻሻ አይወዱም። ማደያው ላይ ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚቸረቸረውን የምትገዙ ከሆነ ኤምኤልና ኤክስ5 ላይ እንዳታስቡት።

አርኤክስ ስትገዙ የምትሸወዱባቸው

አመሰገንኳት ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትግዙ። አንደኛ፣ ሁሉም አርኤክስ ፎር ዊል አይደለም። በፊት እግር ብቻ የሚሄዱ ብዙ አሉ፣ ደላላው ደግሞ ሁሉንም "ፎር ዊል" ነው የሚለው። ጎንበስ ብላችሁ ከስር እዩ፤ ወደ ኋላ እግር የሚሄድ የብረት ዘንግ ከሌለ የለም ማለት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛ፣ ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች ቆጣሪዋ በማይል ነው። "90 ሺህ ብቻ" ያላችሁ 145 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ ሳልቫጅ፣ ማለትም ክፉኛ ተጎድታ ኢንሹራንስ የጣላት መኪና። ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የሻንሲ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አስገቡት፣ ብዙ ጊዜ ተጋጭታ ጨረታ ላይ የተነሳችው ፎቶ ይወጣል። ቁልፍ ስትከፍቱ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋቱን እዩ፤ ጭራሹን ካልበራ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ለመሬት የምትቀርበውም እሷ ናት፣ ከፍታዋ 18 ሴንቲ ሜትር ምናምን ነው፣ ገጠር የምትወጡ ከሆነ አስቡበት።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ሥራችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐይቅ ከሆነ አርኤክስ። ልትሸጧት ስትፈልጉም ገዢ አይጠፋም። በወር ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ የምትመላለሱ፣ እዚያ የምታምኑት ጋራዥ ያላችሁ፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ኤምኤል፣ ቤንዚን፣ ባለ ሞላ። የጥገና ብር ከመግዣው ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ ማለቴ ነው። ኤክስ5 ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ላለው፣ መሪ መያዝ ለሚወድ ሰው።

የትኛዋንም ብትመርጡ ግን ክፍያ ሳትፈጽሙ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተሯን ደሴ ላይ አስነስታችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ከዚያ ኤሲ ከፍታችሁ አምስት ሰው ጭናችሁ ዳገቱን ውጡ። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ስሯን እዩ። እሺ ካላችሁ ሊብሬው ላይ የባንክ እገዳ አለመኖሩን አጣሩና ስም አዙሩ፣ ሁለቱንም ቁልፍ መቀበላችሁንም አትርሱ። "ሁለተኛው አዲስ አበባ ቀርቷል" የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ እስኪያመጣ ድረስ የተወሰነ ብር ያዙበት፣ የእነዚህ መኪኖች ቁልፍ እንደ ቤት ቁልፍ የትም አይቀረጽም።