«ካርቱን ስለሆነ የልጅ ነው» ለምትሉ ወላጆች፦ አራት ጌሞች ጎን ለጎን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን ዘርግቼ ልጆችን በሰዓት አጫውታለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ እግር ኳስ የሚገጥሙ ጎረምሶች ናቸው። ባለፈው ሰሞን ግን አንዲት ጎረቤቴ በአንድ እጇ የአምስት ዓመት ልጇን፣ በሌላው የዳቦ ፌስታል ይዛ ገባች። ባለቤቷ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ሊገዛ ተስማምቷል፤ ሻጩም የፈለጋችሁትን ጌም እጭንላችኋለሁ ብሏቸዋል።

«ወንድሜ፣ ለዚህ ለትንሹና ለዘጠኝ ዓመት እህቱ የሚሆን ንገረኝ። ካርቱን ይሁን እንጂ ለሌላው ግድ የለኝም» አለችኝ።

እኔ ደግሞ የምጨነቀው ለዚያ ለ«ሌላው» ነው። በእኛ ልጅነት ቴሌቪዥን ላይ የተሳለ ነገር ከታየ ለልጆች የተዘጋጀ ነበር፤ ያ ልማድ እስከ ዛሬ ዓይናችን ውስጥ ቀርቷል። ጌም ላይ ግን ሥዕሉ ስለ ተጫዋቹ ዕድሜ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ማንኛውንም ጌም ስመዝን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ሲሳሳት ጌሙ ምን ያደርገዋል? ያነሣዋል? ዝም ይለዋል? ወይስ ይስቅበታል?

የዕድሜ ቁጥር አለ አይደል ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ፔጊ በሚባል ሥርዓት በጌም ሽፋን ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ብለው ያትማሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አረንጓዴ፣ የመጨረሻው ቀይ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ኢኤስአርቢ የሚባል የራሳቸው አላቸው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚህ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ተጭኖ ነው፤ ካርቱኑ አለ፣ ካርቶኑ የለም። ሁለተኛውን ብዙ ወላጅ አያውቀውም፦ የፔጊ ቁጥር የሚመዝነው ይዘቱን፣ ማለትም ድብደባውን፣ ስድቡንና የሚያስፈራውን ነገር እንጂ ክብደቱን አይደለም። ጎረምሶቹ ሱቄ ውስጥ የሚጣሉበት የፊፋ እግር ኳስ ጌም 3 ቁጥር ያለበት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ፊት አስቀምጡትና እዩት። ቁጥሩ «አይጎዳውም» ይላችኋል እንጂ «ይችለዋል» አይላችሁም።

አሁን ወደ ጌሞቹ።

ከካፕሄድ እጀምራለሁ፤ ወላጅን በመልኩ እንደ እሱ የሚያሳስት አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የካናዳውያን ሥራ ነው። ጭንቅላታቸው ስኒ የሆነ ሁለት ወንድማማቾች አሉበት። እንቅስቃሴያቸው አንድ በአንድ ወረቀት ላይ በእጅ የተሳለ፣ ከኋላ ያለው መልክዓ ምድር በውሃ ቀለም የተቀባ፣ ጠቅላላው በ1930ዎቹ የአሜሪካ ካርቱን አምሳል የተሠራ ነው። ሱቄ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፤ ይህን ለመናገር አላመነታም።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ወንድማማቾቹ በዲያብሎስ ቁማር ቤት ገብተው ነፍሳቸውን በቁማር ያጣሉ። ነፍሳቸውን ለማዳን የሌሎች ባለዕዳዎችን የነፍስ ውል እየሰበሰቡ ለዲያብሎስ ማስረከብ አለባቸው። ከሚገጥሟቸው ባላንጣዎች መካከል የአልኮል መጠጦችና አንድ ትልቅ ሲጋራ ይገኙበታል። የአሜሪካው መዛኝ ከ10 ዓመት በላይ ብሎታል። ልጅ ሲተኛ በሥላሴ ስም የሚያማትብበት፣ ወይም ቢስሚላህ ብሎ የሚጋደምበት ቤት ውስጥ ነፍስን ለሰይጣን ስለማስረከብ የሚያወራ ነገር ከማስገባታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ይመስለኛል። ትልልቆቹ እንደ ቀልድ ያዩታል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ይጠይቃል፣ መልሱንም የምትፈልጉለት እናንተ ናችሁ።

ከታሪኩ ይልቅ የሚከብደው አጨዋወቱ ነው። ሦስት ጊዜ ከተመታችሁ አለቀ። ከዚያ ጌሙ ለማሸነፍ ምን ያህል እንደቀራችሁ በመስመር ያሳያችኋል፤ ያሸነፋችሁም ባላንጣ ከላይ ሆኖ የፌዝ ቃል ይወረውርባችኋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በዚህ እልህ ይያዛል፣ ደግሞ ይከፍላል፤ ለኔ ኪስ መልካም ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ግን ከሁሉም ውስጥ ጣቱን የቀሰረው ወደዚሁ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ባላንጣዎች መካከል የጓሮ አትክልቶች አሉ፦ ድንች፣ ሽንኩርትና ካሮት። እኔ ስጫወት ድንቹ አፈር እየተፋ፣ ቀጥሎ ሽንኩርቱ እንባውን እንደ ክረምት ዝናብ ሲያወርደው ልጁ በሳቅ ፈነዳ። «እማዬ፣ ሽንኩርቱ ራሱ ያለቅሳል!» አላት። ከዚያ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽንኩርቱ ጋ አልደረሰም፤ ድንቹ ላይ ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሞከረ። በአራተኛው ላይ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፤ በስድስተኛው የታችኛው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጆይስቲኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ፊቱን ደበቀ። ጌሙ ቀለል ያለ ምርጫ አለው፤ ግን በዚያ የሚያሸንፍ ሰው የነፍስ ውሉን ስለማያገኝ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ አይደርስም። የልጅ መንገድ ሠርተው መሐል ላይ ዘግተውታል ማለት ነው።

በሌላው ጫፍ ፖው ፓትሮል አለ። በዚህ ስም ብዙ ጌሞች ስላሉ እኔ የማወራው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለወጣው ኦን ኤ ሮል ስለሚባለው ነው። ተከታታይ ካርቱኑን ልጆች ያውቁታል፤ ፖሊስ የሆነ ቡችላ፣ እሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነ ቡችላ፣ ሰው ችግር ላይ ሲወድቅ እየሮጡ የሚደርሱለት። ጌሙም ያው ነው። ልጁ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ይዘላል፣ የውሻ ብስኩት ይለቅማል፣ ሲነገረው አንድ ቁልፍ ይጫናል። መሞት የሚባል ነገር የለም። ልጁ ተሳስቶ ቢወድቅ ቡችላው ተመልሶ ይቆማል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። 16 ተልእኮዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አጭር ነው።

ለትልቅ ሰው አሰልቺ ነው፤ በእውነት አሰልቺ ነው። አንድ ተልእኮ አጠገቡ ተቀምጬ ስጨርስ ሁለቴ አዛጋሁ። ነገር ግን ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ያው ልጅ ብስኩቱን ባገኘ ቁጥር ወደ እናቱ እየዞረ ያሳያት ነበር። ጉድለቱ አንድ ተጫዋች ብቻ መቀበሉ ነው። ሁለት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ጆይስቲክ ምን እንደሚያመጣ ለወላጅ አልነግርም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ዞር ብላ አታየውም።

ለእሷ የሚሆነው ስፖንጅቦብ ነው፤ ሙሉ ስሙ ባትል ፎር ቢኪኒ ቦተም ሪሃይድሬትድ የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን አሮጌ ጌም በ2020 ሥዕሉን አሳምረው እንደገና የሠሩት ነው። ከባሕር በታች ያለች ከተማ በሮቦቶች ተወርራለች፤ ስፖንጁ በአረፋ እየመታ ያፈራርሳቸዋል። ደም የለም፣ ሮቦቱ ሲመታ ተበታትኖ ብረታ ብረት ይሆናል። የተጫዋቹ ሕይወት የሚቆጠረው በሙታንታ ነው፤ ስትመቱ አንድ ሙታንታ ይቀነሳል። አያቶች ያሉበት ሳሎን ውስጥ ይህን ለማስረዳት ትንሽ ፊት ይቀላል፣ ልጆቹ ግን በሳቅ ይንከባለላሉ። ብትሸነፉ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ትቀጥላላችሁ፣ የሚያፌዝባችሁ የለም። ከ100 የወርቅ ማማሰያዎች 75ቱን የሰበሰበ የመጨረሻው ፍልሚያ ይከፈትለታል፤ ስለዚህ አንዱ ቦታ ያቃተው ልጅ ትቶት ሌላ ቦታ ይሞክራል። ይህን በጣም እወድለታለሁ።

ታዲያ ለአምስት ዓመት ልጅ ለምን አልመርጠውም? በካሜራው ምክንያት። ዓለሙ ዙሪያ ገባው የሚታይ ስለሆነ በግራ አውራ ጣት እየሄዳችሁ በቀኝ አውራ ጣት ዓይናችሁን ማዞር አለባችሁ። የትንሽ ልጅ እጅ የፕሌይስቴሽንን ጆይስቲክ እንኳ ጨብጦ አይሞላውም። አንዱን ዘንግ ሲይዝ ሌላውን ይረሳል፤ ስፖንጁ ግድግዳ እየገፋ ሲሄድ ልጁ «የት ሄደ?» እያለ ወንበሩ ላይ በአካሉ ይዘማል። በስድስት ተኩል፣ በሰባት ዓመት ይለምዱታል። ጨለማና የመናፍስት መርከብ ያለባቸው ቦታዎችም አሉት፤ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ አብራችሁ እለፉት።

አራተኛው ብሉይ ነው። እናቴ ስሙን ስትሰማ ብሉይ ኪዳን መስሏት ተደስታ ነበር፤ ሰማያዊ የውሻ ቤተሰብ መሆኑን ስታይ ደስታዋ ቀነሰ። ከአውስትራሊያው ተከታታይ ካርቱን ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። እስከ አራት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ይጫወቱታል፣ መሸነፍም የለበትም፤ ወንድምና እህት አብረው እንዲቀመጡ ከተፈለገ ከሁሉም የተሻለ ነው። ግን አጭር ነው። ታሪኩ አራት ክፍል ብቻ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ዲስኩን በሙሉ ዋጋ ግዙ አልልም፤ በውሰት ወይም በቅያሪ ካገኛችሁት ግን አትለፉት።

ስለ ቋንቋ። አራቱም የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ገና ሀ ሁ እየቆጠረ ስለሆነ፣ ጽሑፍ አንብቦ ሳይሆን አይቶ የሚገባው መሆኑን አረጋግጡ። ፖው ፓትሮልና ብሉይ በሥዕልና በድምፅ ይመራሉ፤ ስፖንጅቦብ ላይ ታላቅ እህት አስተርጓሚ ትሆናለች።

ስለ መብራት ደግሞ እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ከመሐል ከተማው የበለጠ ማሰብ አለብን። መብራት በድንገት ሲሄድና ሲመለስ ፕሌይስቴሽኑ በትክክል አልተዘጋሁም ብሎ ማስጠንቀቂያ ያወጣና ሃርድ ዲስኩን መመርመር ይጀምራል። አንድ ትንሽ ልጅ ያንን ጽሑፍ አይቶ «እኔ አይደለሁም የሰበርኩት» ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አስቀድማችሁ ንገሩት። ተልእኮው አጭር የሆነ ጌም መብራት ሲሄድ የሚያጠፋው ትንሽ ነው፤ ይህም ለፖው ፓትሮል ሌላ ነጥብ ነው።

ስልክ ላይ ስላሉት ነፃ የካርቱን ጌሞች ብዙ አልልም። ነፃ የሚባለው በየመሐሉ ማስታወቂያ የሚገባበትና ዕቃ ግዛ የሚል ቁልፍ የሚያሳይ ከሆነ፣ ልጁ ሲሳሳት ጌሙ የሚያደርገው ወደ ሱቅ መውሰድ ነው። ለልጅ የምትሰጡት ከሆነ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ስጡት።

ሰዓቱንም ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ መሆኑን ይመክራል። አምስት ዓመት ስለሞላው ልክ ይጠፋል ማለት አይደለም። እኔ በሰዓት የምሸጥ ሰው ሆኜ ይህን ማለቴ ያስቃል፤ ቢሆንም ትንንሾቹን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ እሸኛቸዋለሁ።

ለጎረቤቴ የመከርኳት ይህን ነው። ሻጩ ጭኖ ከመስጠቱ በፊት ጌሙን ከፍቶ ጆይስቲኩን ለልጁ ይስጠው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንቺ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የልጁን ትከሻ ተመልከቺ። ለትንሹ ፖው ፓትሮል፣ ለትልቋ ስፖንጅቦብ፣ ብሉይን ከተገኘ ለቅዳሜ። ሻጩ ካፕሄድንም በነፃ እጨምራለሁ ቢል ለአባትየው ይሁን፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ።

ሁለቱን አስጫነች። ከሳምንት በኋላ ልጁ ብቻውን ሱቄ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ እናቱ ከፊት ለፊት አትክልት እየገዛች ነበር።

«ጋሼ፣ የሚያለቅሰውን ሽንኩርት አሳየኝ።»

ጆይስቲኩን እኔ ይዤ ከፈትኩለት። ድንቹን አሳለፍኩና ሽንኩርቱ ሲወጣ እጄን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ይህን ብዙ ተጫዋች አያውቀውም፦ ሽንኩርቱን ካልመታችሁት አያለቅስም፤ ጥቂት ቆይቶ ፈገግ ብሎ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ልጁ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ሽንኩርቱ ሄደ።

«ለምን አላለቀሰም?» አለኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎት። እናቱ ከመንገድ ማዶ ጠራችው።