ወፍጮ ቤትና ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ «ኃይል አስተካካይ» እያሉ የሚያዞሩትን ሳጥን እንዳትገዙ

ጎጃም ውስጥ በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኃይል ሽቦ በሚመጣ መብራት፣ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ወፍጮ ቤት ያላችሁ፣ ዳቦ ቤት፣ ብየዳ፣ እንጨት ቤት፣ በፓምፕ የምታጠጡም። ከደጀን እስከ ዳንግላ ባለው አስፋልት፣ በሞጣና በቢቸና መንገድም፣ አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን እየተሸጠ ነው። ሻጮቹ ሱቅ የላቸውም። በመኪና ጭነው ደጃችሁ ድረስ ይመጣሉ። ስሙን «ኃይል አስተካካይ» ይሉታል። ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ የመብራት ክፍያ በግማሽ ይቀንሳል፣ ሞተር እንዳይቃጠል ይጠብቃል፣ ከነአምስት ዓመት ዋስትናው ነው ይላሉ። እኔ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ከሦስቱ አንዱንም አያደርግም። ዋጋው የገዢው ፊት ታይቶ ነው የሚቆረጠው፤ 28 ሺህ ብር የከፈለም 45 ሺህ የከፈለም አግኝቻለሁ።

ሥራዬ ሞተር ጥቅለላ ነው፣ ደብረ ማርቆስ። ባለፈው ከአማኑኤል ወዲያ ወፍጮ ያላቸው አንዲት እናት የተቃጠለ 15 ኪሎዋት ሞተር በአይሱዙ ጭነው መጡ። ሳጥኑንም አብረው ይዘውታል። «ልጄ፣ ይሄ እያለ እንዴት ይቃጠላል? እንዳይቃጠል ብዬ እኮ ነው የገዛሁት» አሉኝ። እህል በሚወቃበት ሰሞን ነው፣ ወረፋው በር ላይ ቆሞ ነው ወፍጮው የቆመው። ገበሬው አህያውን አዙሮ ወደ ሌላ ወፍጮ ሄደ። እትዬ ያዘኑት ለሞተሩ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ሞተሩን ፈታሁ። ከሦስቱ የሽቦ ቡድኖች አንዱ ከሰል ሆኗል። ሁለቱ ግን ቫርኒሻቸው እንኳን አልጠቆረም። ይሄን ያየ ሞተር ጠቅላይ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አይጨነቅም። በዴልታ የሚሮጥ ሞተር፣ ማለትም ሦስቱ ቡድኖች በሦስት ማዕዘን የተያያዙበት፣ እየሠራ ሳለ አንድ ፌዝ ከጠፋበት፣ በቀሩት ሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቡድን አብዛኛውን ሸክም ይሸከምና እሱ ብቻ ይቃጠላል። ጭነት በዝቶ ወይም ቮልቴጅ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም እኩል ይጠቁሩ ነበር። ስለዚህ የእትዬን ሞተር የበላው የፌዝ መጥፋት ነው፤ ምናልባት አንድ የተበላ ፊውዝ፣ ወይም ምሰሶ ላይ የላላ ማያያዣ።

ቀጥሎ ሳጥኑ። ጀርባው ላይ «ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ብሎኖቹ ከወረቀቱ ሥር ናቸው። ለምን እንዳይከፈት እንደተፈለገ ሲከፈት ገባኝ። ሦስት ጥቋቁር ካፓሲተሮች፣ ማለትም ቻርጅ የሚይዙ ዕቃዎች፣ አሉ፣ እያንዳንዳቸው የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ። አንዲት ትንሽ ቦርድ አለች፣ ሦስቱን አረንጓዴ መብራቶችና ፊት ለፊት ያለውን የቮልት ማሳያ የምታበራ። ከታች ደግሞ ወለሉ ላይ የተቦካ ሲሚንቶ ፈሶበት ደርቋል። ለክብደት ነው። ሌላ ምንም የለም። አንድ ክር የተጠቀለለ ሽቦ የለውም።

ማሳያውን መሞከር አለብኝ ብዬ ሦስቱንም ፌዝ ሰጠሁት፣ 380 አለ። አንዱን ነቀልኩ፣ 380። ሁለተኛውንም ነቀልኩ፣ አሁንም 380፣ አረንጓዴዎቹም ሦስቱም እንደበሩ ናቸው። እትዬ አጠገቤ ቆመው እያዩ ነበር። ፌዙ ጠፍቶ ሞተራቸው እየነደደ በነበረበት ሰዓት ይሄ ሳጥን «ሁሉም ሰላም ነው» ይላቸው ነበር ማለት ነው። ይሄ ነው እኔን ያናደደኝ። የማይሠራ ዕቃ መሸጥ አንድ ነገር ነው። አደጋ እያለ የለም የሚል ዕቃ መሸጥ ግን ሰውን ዓይኑን ሸፍኖ ገደል አፋፍ ላይ ማቆም ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ሻጩ ሲመጣ ራሳችሁ እንድትይዙት።

ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ፣ ስታብላይዘር የምንለው፣ ኃይሉ በውስጡ አልፎ ነው ወደ ሞተሩ የሚሄደው። መግቢያ ሽቦ አለው፣ መውጫ ሽቦ አለው፣ መሀል ላይ ትልቅ የመዳብ ጥቅል አለው። ሰርቮ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጥቅሉ ላይ የሚንሸራተት የካርቦን ብሩሽና እሱን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ታያላችሁ። ይሄኛው ሳጥን ግን ከመስመሩ ጎን ነው የሚንጠለጠለው። ለሞተሩ የሚሄደው ኃይል በውስጡ አያልፍም። በውስጡ የማያልፍን ኃይል ሊያስተካክል አይችልም፣ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መውጫው የት ነው?» ብላችሁ ነው። መውጫ ከሌለው ሻጩን በሰላም ሸኙት።

ክፍያ ይቀንሳል የሚሉትን ደግሞ በዓይናችሁ ፊት ያሳዩአችኋል፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ጋ ነው። ሞተሩን ያለ እህል ባዶውን ያስነሡታል። ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካውን፣ ያስገባሉ፣ አምፔሩን ታነባላችሁ። ሳጥኑን ሲያበሩት አምፔሩ ቀነስ ይላል። «አያችሁ? የመብራት ክፍያችሁም እንዲሁ ይቀንሳል» ይላሉ። አምፔሩ መቀነሱ እውነት ነው። ካፓሲተር ሞተሩ ማግኔቱን ለመፍጠር የሚመላልሰውን ኃይል ከቅርብ ስለሚሰጠው፣ ከመስመሩ የሚመጣው ጅረት ይቀንሳል። በተለይ ባዶ የሚዞር ሞተር ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፣ ባዶውን የሚያስነሡትም ለዚሁ ነው። ነገር ግን የወፍጮ ቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው አምፔርን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓትን ነው፣ ማለትም በትክክል ሥራ የሠራውንና ሙቀት የሆነውን ኃይል። ያ የሚመላለሰው ኃይል ድሮም አልተቆጠረባችሁም። ያልከፈላችሁትን ሊቀንስላችሁ አይችልም። ሪአክቲቭ የሚባለው ይሄ የሚመላለሰው ኃይል ጭምር የሚለካባቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች ላይ ካፓሲተር ጥቅም አለው፣ ግን እሱም በባለሙያ ተሰልቶ የሚገጠም እንጂ ክብሪት የሚያህል ነገር አይደለም።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። የቆጣሪውን ቁጥር ያዙ፣ አንድ ኩንታል በቆሎ ያለ ሳጥኑ ፍጩ፣ ቁጥሩን እንደገና ያዙ። ከዚያ ከዚያው በቆሎ ሌላ አንድ ኩንታል ሳጥኑን አብርታችሁ ፍጩ። ክላምፑን ተውት፣ ቆጣሪውን ብቻ እመኑ። ይሄን ፈተና እንዲያደርጉ ስትጠይቋቸው ሻጮቹ «ለውጡ የሚታየው ከወር በኋላ ነው፣ መስመሩ መላመድ አለበት» ይላሉ። ሽቦ አይላመድም፣ ወንድምዓለም። በወሩ ደግሞ ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም።

ሌላም ማስፈራሪያ አላቸው። ግድቡ ተመርቋል፣ አሁን የሚመጣው ኃይል ብዙ ነው፣ ሳጥኑ የሌለው ሰው ሞተሩ ይቃጠላል ይላሉ። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ይሄ ሁላችንም የምንኮራበት ነው። ግን ብዙ ማመንጨት ማለት እናንተ ቤት የሚገባው ቮልቴጅ ይበዛል ማለት አይደለም። ጢስ ዓባይም በለስም እዚሁ ከጎናችን ናቸው፣ ለግድብ ቅርብ የሆነ ሰው ሞተሩ ሲቃጠል አላየንም። ቮልቴጃችሁን የሚወስነው ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር፣ ከሱ እስከ እናንተ ያለው የሽቦ ርዝመትና ውፍረት፣ እና በዚያው መስመር ላይ ስንት ሰው እንደተንጠለጠለ ነው። የሰውን ኩራት ወደ ፍርሃት አዙሮ መነገድ ነውር ነው።

የኛ አገር ሞተሮች የሚቃጠሉት በአብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የነገርኳችሁ የፌዝ መጥፋት ነው። ሁለተኛው የቮልቴጅ መውረድ። 380 መሆን የነበረበት 340 ሲሆን የሞተሩ ጉልበት ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ጉልበቱ ከቮልቴጁ በካሬ ነው የሚቀንሰው። እህሉ ግን ያው እህል ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ አምፔር ጨምሮ ይጎትታል፣ ይግላል፣ ሽታ ያመጣል።

ለፌዝ መጥፋት መድኃኒቱ ፌዝ ፌይለር የምንለው ሪሌ ነው። መዳፍ የማይሞላ ዕቃ ነው፣ ከዚያ ሳጥን ጋር በዋጋ አይወዳደርም። የኮንታክተሩን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ፣ ኮይል በሱ በኩል ታሳልፉታላችሁ፣ አንድ ፌዝ ሲጠፋ ኮንታክተሩን ይለቀዋል። ስትገዙ ግን የፌዞች አለመመጣጠን ስንት ከመቶ ሲደርስ እንዲያቋርጥ የምትወስኑበት መዞሪያ ያለውን ምረጡ። የሚሮጥ ሞተር በጠፋው ፌዝ ላይ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚመልስ፣ «አለ ወይስ የለም» ብቻ የሚያይ ርካሽ ሪሌ ሊታለል ይችላል።

ኦቨርሎዱንም፣ አምፔር ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋውን፣ እዩት፣ እባካችሁ። 15 ኪሎዋት ሞተር ስም ሰሌዳው ላይ 30 አምፔር አካባቢ ይላል። ብዙ ወፍጮ ቤት ስገባ ግን ኦቨርሎዱ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አገኘዋለሁ። «እየዘለለ አስቸገረን» ይሉኛል። የሚዘለው እኮ ሞተራችሁን ሊያድን ነው! ኦቨርሎዱ ዋናው መስመር ላይ ከሆነ ስም ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ስጡትና ተውት፤ በስታር ዴልታ ማስነሻ ውስጥ ከሆነ ግን ባለሙያ ያስተካክለው። አሁንም ከዘለለ ችግሩ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው፣ ፈልጉት።

ቮልቴጁ ለሚወርድባችሁ መጀመሪያ ለኩ። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓት፣ ማታ ሁሉም ወጥ ሲሠራ፣ ሦስቱንም ፌዝ እርስ በርስ ለክታችሁ በወረቀት ያዙ። አንዱ ፌዝ ብቻ ዝቅ ካለ የላላ ማያያዣ ወይም በአንድ ፌዝ ላይ የተከመረ ሰፈር ነው። ሦስቱም ከወረዱ ትራንስፎርመሩ ወይም ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ለአቅራቢያችሁ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል በጽሑፍ አመልክቱ፣ 905 ላይም ደውላችሁ አስመዝግቡ። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያላችሁ ነጋዴዎች አብራችሁ ስትፈርሙ ይሻላል። መጠበቁ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፣ ግን ቁጥር ያለው ማመልከቻና «መብራት አስቸገረን» የሚል ማመልከቻ እኩል አይታዩም።

እውነተኛ ስታብላይዘር ልግዛ ለሚልም አንድ ነገር። ላዩ ላይ የተጻፈውን ኬቪኤ፣ ማለትም የመሸከም አቅሙን፣ ብቻ አትመኑ፣ ተርሚናሉን ክፈቱና ሽቦውን እዩ። ለነጠላ ፌዝ 10 ኬቪኤ ማለት በ220 ቮልት 45 አምፔር አካባቢ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነና ብሬከሩ 20 አምፔር የሚል ከሆነ ያ ዕቃ 10 ኬቪኤ አይደለም፣ ማንም ምን ቢጽፍበት። የጥቅሉንም ጫፍ በቢላ ፋቅ፣ ቆረጥ አድርጉት። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ተቀብቶ ነው። ወፍጮ ሲነሣ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ አምፔር ሊስብ እንደሚችልም አስቡ፤ ለዚህ ነው ለትልቅ ሞተር የሚበቃ ስታብላይዘር ውድ የሚሆነው፣ ለዚህም ነው በ28 ሺህ ይሄን ሁሉ እሠራለሁ የሚል ሳጥን ሲመጣ መጠርጠር ያለባችሁ።

ምንም ግዙ፣ ያለ ደረሰኝ አትግዙ። ስሙ፣ አድራሻውና የግብር ከፋይ ቁጥሩ ያለበት ደረሰኝ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው። የእትዬ «ዋስትና» ማኅተም የሌለው ባለቀለም ወረቀት ነበር፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ያለበት። ወረዳው ንግድ ቢሮ ይዘውት ሄደው ነበር፤ ማንን ይክሰሱ?

የገዛችሁ ካላችሁ ወረቀቱን፣ የሻጩን ስልክ፣ ካላችሁ የመኪናውን ታርጋ ይዛችሁ ለወረዳችሁ ንግድ ቢሮና ለፖሊስ አስመዝግቡ። ብዙ ሰው ሲሆን ነገሩ ክብደት ያገኛል። ሳጥኑንም ከመስመር አስነሡት፣ ግን ራሳችሁ አትንቀሉት። ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ ባለሙያ ይፍታው። ካፓሲተሮቹ መብራት ከጠፋ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ፤ የከፈትኩት ሳጥን ውስጥ ያንን የሚያፈስ ሬዚስተር እንኳን አልገጠሙለትም። ልጆች እንዳይነካኩት።