አንድ መልእክት ለሁሉም? ሦስት የበዓል ምኞት መላኪያዎች ሲመዘኑ

በአማርኛ «እንኳን» ብሎ የጀመረ ሰው ተቀባዩን ሳይለይ አረፍተ ነገሩን መጨረስ ይቸግረዋል። ለወንድ አደረሰህ፣ ለሴት አደረሰሽ፣ አንቱ ለሚባል አደረሰዎ፣ ለብዙዎች አደረሳችሁ ነው። ቴሌግራምን፣ ዋትስአፕንና ተራውን የጽሑፍ መልእክት የመዘንናቸውም በዚህ ነው፦ ይህችን የቃል ጅራት ለየሰው አስተካክሎ ለመጻፍ የትኛው ይመቻል? ስትበላሽስ የትኛው ያርማል?

ቴሌግራም ይበልጣል። ምክንያቱ ቀጠሮ ማስያዝ መቻሉ ነው። መልእክቱን ጽፎ የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ መያዝ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ቀጠሮ ማስያዣውን መምረጥ፣ ቀንና ሰዓት መሙላት፤ በቃ። የሚላከው ከኩባንያው ሰርቨር ስለሆነ በሰዓቱ ስልኩ ቢጠፋም ይደርሳል። በየቀኑ አምስት አምስት ሰው እያሉ ከሳምንት በፊት ከጀመሩ ጥድፊያ የለም፤ አብዛኛው ስህተት ደግሞ የጥድፊያ ልጅ ነው። ለአንዱ የጻፉትን ለሌላው ሲገለብጡ ግሱ ይታረምና ባለቤትነቱ ይረሳል፦ «እንኳን አደረሰዎ፣ ከነቤተሰብህ» የሚል ጉድ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቢያመልጥም ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ይፈቅዳል።

ቀጠሮ ግን ዕውር ነው። በመሀል ሐዘን የደረሰበት ቤት እንዳለ አያውቅም፤ «የደስታና የፌሽታ ይሁንልህ» የሚለውን በሰዓቱ ያደርሰዋል። ስለዚህ በዋዜማው የተቀጠሩትን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ደስታን የሚያወሳውን ሁሉ አውጥቶ «መጽናናቱን ይስጥህ» ማለት ይበቃል። ሌላም አለ፦ የቀጠሮው ሰዓት የሚቆጠረው በላኪው ስልክ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን ዘመድ ከእንቅልፉ ላለመቀስቀስ ልዩነቱን ማስላት፣ ወይም ያለ ድምፅ መላክ ይቻላል።

ዋትስአፕ ለብዙ ሰው በአንዴ መላኪያ ዝርዝር አለው፤ አንዱ ዝርዝር እስከ 256 ሰው ይይዛል፣ ለእያንዳንዱም በግል እንደተላከ ሆኖ ይደርሳል። የሚደርሰው ግን የላኪውን ቁጥር ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ቁጥር የቀየረ ሰው «ለሁሉም ልኬአለሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ግማሹ አላየውም። ብዙዎች እዚህ ላይ በ«አደረሳችሁ» ሊያመልጡ ይሞክራሉ፤ ብቻውን የሚኖር ጓደኛ ግን የጅምላ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። የሚሻለው መደብ የሌለው ቃል ነው፦ «መልካም በዓል! የሰላምና የጤና ይሁን።» ማንም ላይ አይጣመምም። ካልሆነ ዝርዝሩን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ ሦስት ቦታ መክፈል ነው። ደስታ የሚባለው ደንበኛ ወንድ ይሁን ሴት ካልታወቀ እርስዎ ያድናል፤ ጾታ አይለይምና። ከሌላ ሰው የመጣን ጽሑፍ ፎርዋርድ ማድረግ ደግሞ የተላለፈ መሆኑን የሚናገር ምልክት ይለጥፍበታል፤ ለአማት የሚላክ አይደለም። ማረሚያው 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ለማይጠቀሙ ሽማግሌዎች ተራው የጽሑፍ መልእክት ምትክ የለውም፤ ጣጣው ርዝመቱ ነው። በላቲን ፊደል 160 የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ ቦታው 140 ባይት ሆኖ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ ነው። ክፍት ቦታና አራት ነጥብም ይቆጠራሉ። 71ኛዋ ፊደል ስትገባ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚሄድም እያንዳንዱ ወደ 67 ይወርዳል፤ ሂሳቡ የሁለት መልእክት ይሆናል። «እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሰዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።» ልክ 35 ነው። የቀረው ግማሽ ለላኪው ስም ይሁን፤ ቁጥሩን ያልመዘገቡ አዛውንት ማን እንደላከላቸው ሳያውቁ እንዳይቀሩ። አበባና ሻማ መደርደር ግን ይቅር፤ አንዷ ሥዕል ቢያንስ የሁለት ፊደል ቦታ ትበላለች፣ በአሮጌ ስልክ ላይም ባዶ ሳጥን ሆና ትታያለች። አንዴ ከተላከ ደግሞ ማረሚያ የለውም።